መልስ፦ የተፈረመው ስምምነት ጅማ እስኪደርስ

«ሁለት አገሮች ስለ ልማት ትብብር ተወያዩ ከተባለ በኋላ ጅማ ላይ ለምን ወዲያው ሥራ አናይም?» ላሉት ጠያቂ፣ ውይይቱ ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። መጀመሪያ ስምምነት መፈረም አለበት፤ በእኛ በኩል ስምምነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው የገንዘብ ሚኒስቴር ሲሆን፣ የብድር ስምምነት ከሆነ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጅ ሊያጸድቀው ይገባል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 55 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የማጽደቅ ሥልጣን የሰጠው ለዚሁ ምክር ቤት ነው። የቴክኒክ ትብብር መንገዱ አጠር ቢልም፣ ድጋፉ በባለሙያና በሥልጠና መልክ ስለሚመጣ ለዓይን አይሞላም። ለምሳሌ «በለጠ-ጌራ» የተባለውን የቅርባችንን ደን ይመልከቱ፦ የጃፓን መንግሥት በዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲው (ጃይካ) አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር ፕሮጀክት ያስገኘው ሕንፃ ሳይሆን (ብዙዎቻችን የምንጠብቀው ሕንፃ ነው) የገበሬዎች የደን ማኅበራትንና የምስክር ወረቀት ያለው የደን ቡናን ነው።