ቢስ ወይስ የጎን ቁልፍ? ከአዲስ አበባ ዳርቻ የመጡ የሳክስፎን ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ናቸው፤ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ። ችግሩ ተቀራራቢ ነው። ሶሎው መሀል ላይ ሲደርስ ጣት ይተሳሰራል። ሳክስፎን ላይ አንዳንዱን ኖታ በሁለት ወይም በሦስት መንገድ መያዝ ይቻላል፤ የትኛው እንደሚሻል የሚወስኑት ደግሞ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ኖታዎች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ጣት ይመረጣል፣ ከዚያ ልምምድ ይጀመራል። ከዚህ በታች ኖታ ስጠራ በሳክስፎኑ ንባብ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ያው ድምፅ ሌላ ስም ስላለው እንዳታምታቱት። ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ፣ ሻርፕ ማለት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ቴነር ነው የምጫወተው። መምህሬ ቢ ፍላትን ሁሌ በጎን ቁልፍ ያዝ ይለኛል። የባንድ ጓደኛዬ ደግሞ በቢስ ይላል። ማንን ልስማ?» (ከለገጣፎ)

ሁለቱንም ስማ፤ ሁሌ በአንዱ ብቻ ግን አይሆንም። ቢስ ማለት የግራ አመልካች ጣትህ የቢን ቁልፍና ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫን ነው። የጎኑን ቁልፍ የሚጫነው ቀኝ እጅ ስለሆነ፣ ቢስ ያንን እጅህን ነፃ ያደርግልሃል። ችግር የሚመጣው ከቢ ፍላት ቀጥሎ ተራው ቢ ሲመጣ ነው። ያኔ ጣትህን ማንሸራተት ይኖርብሃል፣ ፍጥነት ላይ ደግሞ ይደናቀፋል።

እዚህ ላይ የኛ ቅኝቶች ይረዱናል። ባለ አምስት ድምፅ ስለሆኑ ቢ ፍላትና ቢ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። አምባሰልን ከኤ ጀምር፤ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ኤ ላይ ሳለህ ቢስን አስቀድመህ ተጫን፤ ድምፁን አይለውጠውም። መሀል ጣትህን ስታነሳ ቢ ፍላት ይወጣል። የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ብቻ ነው። ከጂ የሚነሳ ትዝታ ማይነርም (ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት) እንዲሁ በቢስ ይሄዳል።

ያንኑ አምባሰል ከቢ ፍላት ብትጀምረው ግን ሁለተኛው ድምፅ ራሱ ቢ ነው። እዚያ መምህርህ ትክክል ነው፣ የጎኑን ያዝ። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የግራና የቀኝ አመልካች ጣት ብቻ። ከቢ ፍላት ወደ ኤፍ ስትዘል እሱን ሞክረው፤ ለኤፍ የሚያስፈልግህ የቀኝ ጣት ቀድሞ ቦታው ላይ ነው።

«ኤፍና ኤፍ ሻርፕ ሲከታተሉ መሀል ላይ ያልተጠራ ድምፅ ጥልቅ ይልብኛል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» (ከቡራዩ)

መሣሪያው ደህና ሊሆን ይችላል። በተለመደው አያያዝ ቀኝ አመልካች ይነሳል፣ መሀል ጣት ይወርዳል። አመልካቹ ቀድሞ ከተነሳ ጂ ይሰማል፤ መሀል ጣት ከቀደመ ደግሞ ኢ። መፍትሔው ኤፍን እንደያዙ በቀለበት ጣት ትንሿን የጎን ኤፍ ሻርፕ ቁልፍ መጫን ነው። ከኤፍ የሚነሳ አምባሰል ስትጫወቱ ይህ ቁልፍ የግድ ያስፈልጋችኋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች እነዚሁ ናቸው።

«ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ጎረቤት እንዳይረበሽ ቤሉ (ሰፊው የሳክስፎን አፍ) ውስጥ ጨርቅ ብጠቀጥቅበት ይሻላል?» (ከኮዬ ፈጬ)

ብዙም አይጠቅምህም። የሳክስፎን ድምፅ የሚወጣው በቤሉ ብቻ አይደለም፣ በተከፈቱት ቀዳዳዎች ሁሉ ነው። ጨርቁ የታችኞቹን ኖታዎች ያበላሻል፣ ላይኞቹ ግን እንደ ልባቸው ይጮኻሉ። ይልቅ ማታ ማታ ሳትነፋ ጣት ብቻ ተለማመድ። ጆሮህን ወደ ቁልፎቹ አስጠጋ። ሁለት ጣት አንድ ላይ ሲያርፍ አንዲት «ጧ» ትሰማለህ፤ «ጠ-ጧ» ካለ ጣቶችህ አልተስማሙም። ይህን ጉድለት እየነፉ መስማት ይከብዳል፣ ድምፁ ይሸፍነዋል። የቀን ሰዓቱን ደግሞ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረህ ለይ።

«እርስዎን ላስቸግር። ከኤፍ በሚነሳ ትዝታ ሜጀር ሶሎ አለኝ። ኤ፣ ሲ፣ ዲ የሚለው ቦታ ስንት ወር ሙሉ አልለሰልስ አለኝ። ከዝግታ ስጀምር ጥሩ ነው፣ ሲፈጥን ይበጣጠሳል።» (ከሰበታ)

እህቴ፣ አንቺን ብቻ አይደለም ያስቸገረው። ከሲ ወደ መሀለኛው ዲ ስትሄጂ አውራ ጣትን ጨምሮ ስድስት ጣት በአንድ ቅጽበት መውረድ አለበት። ማንም ቢሆን እዚያ ይንገዳገዳል።

እንዲህ አድርጊ። ከሲ በፊት፣ ገና ኤ ላይ ሳለሽ፣ ሦስቱን የቀኝ ጣቶች አውርደሽ ጠብቂ። ኤም ሲም ይወጣሉ፣ ትንሽ ብቻ ይታፈናሉ። ዲ ሲመጣ የሚቀሩሽ ሦስት ጣቶች ናቸው፤ ግራ አመልካች፣ ግራ ቀለበትና አውራ ጣት። በፈጣን ሐረግ መታፈኑን ማንም አያውቅብሽም። ረጅም ሲ ላይ ግን ቀኝ እጅሽን አንሺ። አንድ ጥንቃቄ፤ መሀል ላይ ቢ ካለ ይህ ዘዴ አይሠራም፣ ቀኝ እጅ ከወረደ ቢው ቢ ፍላት ይሆናል። የአንቺ ትዝታ ውስጥ ቢ የለም።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሙሉውን ሶሎ ከመጀመሪያው ደጋግሞ መጫወት የሚያሳዝን የጊዜ ብክነት ነው፤ መግቢያው ይሳላል፣ የታመመው ቦታ እንደታመመ ይቀራል። ሲና ዲን ብቻ ያዢ። በምላስ ሳትቆርጪ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሜትሮኖም (ስልክሽ ላይ ያለው ምት ቆጣሪ) በደቂቃ 60 ምት ላይ። ከዚያ ኤን ጨምሪ። ከዚያ ከኤ በፊት ያለውን ጂ። እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት እየጨመርሽ ስትሄጂ ሁልጊዜ የምትደርሺው ወደምታውቂው ቦታ ነው፣ ጣትም አይደነግጥም።

ቀጥሎ ምቱን ቀይሪው። የችክችካን ረጅም-አጭር አካሄድ ታውቂዋለሽ፤ ሐረጉን በሱ ተጫወቺው፣ ከዚያ ገልብጠሽ አጭር-ረጅም አድርጊው። እያንዳንዱ የጣት ዝውውር በተራው የፈጣኑን ሥራ ይሠራል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ንፁህ ከወጣ ሜትሮኖሙን በ4 ከፍ አድርጊ። ከተበላሸ መልሺው፣ አትሽቀዳደሚው። መብራት ጠፍቶ የስልክሽ ባትሪ ካለቀ ምቱን የሚቆጥር እግርሽ አለ። ጣቶችሽም ከቁልፎቹ ብዙ አይራቁ፤ ከፍ ብሎ የተነሳ ጣት ዘግይቶ ነው የሚወርደው።

«የጌታቸው መኩሪያን አጨዋወት በጆሮ እየቀዳሁ ነው። ቅላጼው ላይ ጣቴ አልደርስ አለ።» (ከሱሉልታ)

ጥሩ መምህር መርጠሃል። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1949 በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ያሰማን ሰው ነው። ሽለላ የድምፅ ጥበብ ነው፤ ስለዚህ ሳክስፎኑን አስቀምጥና ሐረጉን በአፍህ አዚመው። በአፍህ ያልወጣ ቅላጼ በጣትህ አይወጣም። ስልክ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰህ ስማ። ሽለላው ራሱ በነፃ የሚፈስ ስለሆነ ሜትሮኖሙን ለጣት ልምምዱ ብቻ ተጠቀምበት።

ከዚያ እርሳስ ይዘህ ዋናውን ድምፅና ጌጡን ለይ። ለጌጡ ቀላሉን ጣት ምረጥ። ለምሳሌ በቢና በሲ መካከል ፈጥኖ የሚመላለስ ቅላጼ ካለ ቢን እንደያዝክ የጎኑን የሲ ቁልፍ በቀኝ እጅህ መታ መታ አድርግ፤ የግራ ጣቶችህ ያርፋሉ። ሐረጉ ሲ ላይ ቆሞ ሲረዝም ግን ወደ ተለመደው አያያዝ ተመለስ። የጎኑ ሲ ሲረዝም ይሳሳል፣ ሽለላ ደግሞ ሙሉ ድምፅ ይፈልጋል።