ከፊት የሚከፈት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ከመግዛትሽ በፊት የውሃሽን ጉልበት እዪ

ሰላም እህቴ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ መግባትሽን፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚመጣ፣ በረንዳ ላይ ሮቶ እንዳለሽና ሁለት ትንንሽ ልጆች እያሳደግሽ መሆኑን ጽፈሻል። የጠየቅሽን ደግሞ ከፊት የሚከፈት ማሽን የትኛው ብራንድ ይሻላል፣ 7 ኪሎ ይበቃል ወይ፣ ጋቢስ ይታጠብበታል ወይ ብለሽ ነው። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ በብራንድ እየተከራከሩ ነው። እኔ የካ አባዶ ነው የምኖረው። ማሽኑን ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፤ በዘመድም በጎረቤትም ቤት ሲገጠምና ሲያስቸግር አይቻለሁ። ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ብራንድ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ነው።

ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃውን ራሱ ከቧንቧ ይቀዳል። ለዚህ ደግሞ ግፊት ያስፈልገዋል። የብዙዎቹን ማንዋል ብታዪ ከ0.5 እስከ 10 ባር ይላል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። አንዳንዱ ከ0.05 እስከ 1 ሜጋፓስካል ብሎ ይጽፈዋል፤ ያው ነው። እንግዲህ ሮቶሽን አስቢው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ታች ላይ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። 0.5 ባር ለማግኘት 5 ሜትር ከፍታ ይፈልጋል ማለት ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ግን ከማሽኑ በአንድ ሜትር ቢበልጥ ነው፤ ግፊቱ 0.1 ባር ብቻ ይሆናል። ሩቢኔቱን ስትከፍቺ ውሃው ይወርዳል፣ ዕቃም ያሳጥባል። ማሽኑ ግን ይጠብቅ ይጠብቅና ያቆማል። ኤልጂ ከሆነ «አይ ኢ»፣ ሳምሰንግ ከሆነ «4 ሲ» የሚል ኮድ ያወጣል። ማሽኑ እኮ አልተበላሸም፤ ውሃ አልደረሰኝም እያለ ነው። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ሰው «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ገንዘቡን እንደጨረሰ ሳስብ ያሳዝነኛል።

መፍትሄው ከሮቶው ቀጥሎ የሚገጠም ትንሽ አውቶማቲክ ፓምፕ ነው። ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ለአንድ ቤት ይበቃል። አውቶማቲክ የምልሽ፣ ማሽኑ ውሃ ሲፈልግ ራሱ የሚነሳውን፣ ቫልቩ ሲዘጋ ራሱ የሚያቆመውን ነው። ፓምፑ ከሮቶው ይሳብ እንጂ ከዋናው መስመር በቀጥታ አታስገጥሚው። የጎረቤትን ውሃ ይስባል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለውንም ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። ሮቶው ባዶ ሆኖም እንዳይሰራ ተጠንቀቂ፣ ይቃጠላል።

ፓምፕ ማስገጠም አሁን አቅም የሚፈትን ከሆነ ደግሞ ባለ ሁለት ገንዳውን ግዢ ብዬ ከልቤ እመክርሻለሁ። ውሃውን በባልዲ ትሞይለታለሽ፣ ያጥባል፣ ይጨምቃል። ግፊት አይጠይቅም፤ ዋጋውም ይቀላል። ፓምፑ ሲደርስ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ።

ፓምፑ ካለሽ ግን ከፊት የሚከፈተውን የሚያህል የለም። በተለይ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው። 7 ወይም 8 ኪሎ የሚይዝ ማሽን በአንድ እጥበት ከ40 እስከ 60 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ሁለት ሦስት ጄሪካን ማለት ነው። ከላይ የሚከፈተው አውቶማቲክ ብዙ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ይፈልጋል፣ ልብሱን የሚያጥበው ውሃ ውስጥ ዘፍቆ ስለሆነ። እኔ የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ በባልዲ ተቀብዬ ለሽንት ቤት እጠቀምበታለሁ። የሰፈራችን ሰው አብዛኛው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።

ባልዲ ካነሳሁ ስለ ማስወገጃው ቱቦ ልንገርሽ፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለማሽን የተዘጋጀ መውረጃ ስለሌለ ቱቦው ዝም ብሎ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ይጣላል። ያኔ ማሽኑ የቀዳው ውሃ በራሱ ጊዜ ቁልቁል ይፈሳል። ማሽኑ ጎደለብኝ ብሎ ደግሞ ይቀዳል፤ እሱም ይፈሳል። እጥበቱ አያልቅም፣ ሮቶው ግን ያልቃል። ቱቦው መጀመሪያ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከማሽኑ ጋር የሚመጣ ቆልማማ የፕላስቲክ መያዣ አለ፤ በእሱ መታጠቢያ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንጠልጥለሽ እንዳይወድቅ እሰሪው። ባልዲም ቢሆን ከፍ ያለ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ሲሞላ ለመቀየርም እዚያው ቁሚ።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ድፍርስ ነው፤ ታውቂዋለሽ። እሱን ወደ ሮቶው አታስገቢ፤ እስኪጠራ አፍስሺው። በጊዜ ብዛት ማሽኑ ውሃ መቅዳት ካቃተው ሩቢኔቱን ዝጊና የመግቢያውን ቱቦ ከማሽኑ ጀርባ ፍቺ። ጣት የምታክል ወንፊት ታገኛለሽ። በፒንሳ ቀስ ብለሽ ሳቢያት። ዝገትና አሸዋ ደፍኗት ቡናማ ሆና ነው የምትወጣው። በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ታጥባ ስትመለስ ማሽኑ እንደ አዲስ ይቀዳል።

ወደ መብራቱ ልለፍ። ማሽኑ ውሃ ሲያሞቅ 2000 ዋት አካባቢ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድሽ ብቻውን ከ3000 ዋት በላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስነሳት ብሬከሩን ይጥላል፣ የደከመ ሽቦ ካለም ያቀልጣል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ልብስ አይታጠብም፤ ይህ የቤት ሕግ ይሁን። ማሽኑ ሶኬቱን ብቻውን ይያዝ፤ ዲቫይደር ላይ ቲቪና ፍሪጅ ጋር አይሰካ። ሶኬቱ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ፣ እንዳለው ኤሌክትሪሺያን ይይልሽ። ውሃና ብረት ባለበት ቦታ የማሽኑ ገላ ከነዘረሽ ያለ ኧርዝ ነው የሚሰራው፤ ሳይስተካከል አትንኪው፣ ልጆችም አይጠጉት።

ምሽት ላይ መብራት በሚደክምበት ሰፈር ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ለቲቪ የሚሸጠው ትንሹ አይችለውም፤ 5000 ቪኤ (ቮልት አምፒር) የሚለውን ውሰጂ። መብራት በመሃል ቢጠፋ ሶኬቱን ንቀይ፤ ተመልሶ ትንሽ እስኪረጋጋ ጠብቂ። አብዛኞቹ አዳዲስ ማሽኖች ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በሩ ወዲያው ካልተከፈተ አትታገዪው፤ መቆለፊያው እስኪለቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። ውስጡ ውሃ ካለ ደግሞ ከታች በኩል ካለችው ትንሽ ክዳን ውስጥ በቀጭኗ ቱቦ ታፈሺዋለሽ።

ያገለገለ ለመግዛት ካሰብሽ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቢ ብር አትክፈዪ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሰራ ነው። ከሳዑዲ የመጣው ቮልቱ ቢመሳሰልም ኸርዙ 60 ነው፤ ሁለቱም ከእኛ መብራት ጋር አይገጥሙም። ከዚያ ከበሮውን በእጅሽ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቂው፤ አዙሪውም። የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። አንዳንዱ ሞዴል ገንዳው ተበይዶ የተዘጋ ስለሆነ ኩሽኔታ መቀየር ማለት ገንዳውን በሙሉ መቀየር ነው።

አዲስ ከሆነ ኢንቨርተር ሞተር ያለውን እመርጣለሁ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ በሌላው ሞተር ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቀው ካርቦን የለበትም። በብራንድ ደረጃ ግን የምልሽ አንድ ብቻ ነው። ሻጩን «ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የማሽኑ የውሃ ማስወገጃ ፓምፕና የበሩ ጎማ እዚህ ይገኛል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ለሚያውቅ ሻጭ ክፈዪ። የዋስትና ወረቀቱም ማህተም ይኑረው።

ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 60፣ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ነው። የመታጠቢያ ቤትሽን በር ከነጉበኑ ለኪ፤ ጥልቀቱ 45 የሆነ ቀጭን ሞዴልም አለ። ውስጡ የሲሚንቶ ክብደት ስላለው 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጡልሽን ልጆች መኪናው ሳይደርስ ዋጋ ተነጋገሪ።

ከጀርባው ከበሮውን የያዙ ረጃጅም የማጓጓዣ ብሎኖች አሉ፤ ብዙ ጊዜ አራት ናቸው። ሳይፈቱ ከተነሳ ማሽኑ ቤቱን እያናወጠ ይዘላል፤ ይሰበራልም። ይፈቱ፣ ግን አይጣሉ። ቤት ስትቀይሪ መልሰሽ ታስገቢያቸዋለሽ። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክዪ። ሴራሚኩ ላይ አራቱም እግር እኩል ካልረገጠ በጭመቃ ጊዜ የታች ጎረቤት በር ያንኳኳል።

ለአራት ሰው 7 ኪሎ ይበቃል፤ ግን የጋቢ ነገር ስላለ 8 ብትወስጂ ደስ ይለኛል። ጋቢ አራት ድርብ ጥጥ ነው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ተጠቅልሎ አንድ ጎን ላይ ይሰበሰባል፤ ማሽኑም ሚዛን አጣሁ ብሎ አልጨምቅም ይላል። ስለዚህ አንድ ጋቢ ከሁለት ፎጣ ጋር አስገቢ። 40 ዲግሪ፣ ጭመቃው በደቂቃ 800 ዙር። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጫን ብለሽ እዪው። ከለቀቀ በእጅ ይታጠብ። ካልለቀቀ የመረብ ከረጢት ውስጥ ከተሽ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ልብስ በሚለው ፕሮግራም። ያለ ከረጢት ከገባ የነጠላው ዘርፍ ይተበተባል።

የእጅ ኦሞ አትጠቀሚ። አረፋው ይበዛል፤ ልብሱ በአረፋ ላይ ስለሚንሳፈፍ አይታሽም፣ አረፋውም ከሳሙና መሳቢያው ይወጣል። አውቶማቲክ የሚል ዱቄት ግዢ፣ መጠኑንም አትጨምሪ። የውሃ ማፍያሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ማሽኑም ይይዛል፤ አልፎ አልፎ ባዶውን በሲትሪክ አሲድ በ60 ዲግሪ አሽከርክሪው።

ሽታ ብዙ ሰው ያማርራል። ብዙ ጊዜ ምንጩ የበሩ ጎማ ነው። እጥፋቱን በጣትሽ ገለጥ ብታደርጊ ውሃ፣ ጸጉር፣ ሳንቲም፣ የልጅ ካልሲ ታገኛለሽ። ከእጥበት በኋላ በጨርቅ ጥረጊው፤ በሩንና የሳሙናውን መሳቢያ ገርበብ አድርገሽ ተዪ። ከታች ያለችውንም ማጣሪያ በየጊዜው አጽጂ፤ ስትከፍቺ ሳፋ አስቀድሚ።

ነገር ግን በሩ ገርበብ ሲል ትንንሽ ልጆች ከበሮው ውስጥ ይገባሉ። የአንቺ ልጆች በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ ራሱ ተዘግቶ ይዋል፤ ማሽኑንም ከማስነሳትሽ በፊት ሁልጊዜ ውስጡን እዪ። አሁን በይ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋትና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጻፊልኝ፤ የሚሆነውን ፓምፕና የቱቦውን አካሄድ አብረን እናያለን።