ጠዋት አልነሳ ያለ ሞተር ሳይክል፦ ጥያቄና መልስ

ኅዳር ከገባ ወዲህ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ፦ የቆየ ሞተር ሳይክል፣ ብርዳም ጠዋት፣ እምቢ ያለ ሞተር። ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፦ አንድ ወጣት ሆንዳ ሲጂ 125 ከድሬዳዋ ገዝቶ አምጥቷል። እዚያ በአንድ ምት ይነሳ የነበረው ሐረር ከገባ በኋላ ጠዋት ጠዋት ላብ በላብ ያደርገዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ከፍታው ነው፣ አየሩ ሳስቶበት ነው» ብሎታል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ልቀይር ወይ ይላል።

አትቀይር። ከፍታው ላይም አታሳብብ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በደንገጎ ዳገት ወጥተህ ስትደርስ የአየሩ ግፊት ከመቶ ስምንት ያህል ቀንሷል። አየር ሲሳሳ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ነዳጅ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል። ቀዝቃዛ ሞተር የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ያስቸገረህ ብርዱ ነው። ቤንዚን የሚቀጣጠለው ሲተን ነው፤ በቀዘቀዘ ብረት ላይ አብዛኛው ሳይተን ጠብታ ሆኖ ስለሚቀር ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ የሚያቀጣጥለው ያጣል። አየሩን ዘግቶ ነዳጁን የሚያበዛው የካርቡራተሩ መዝጊያ፣ ቾክ፣ የተሠራው ለዚህ ነው። የድሬዳዋው ባለቤት በዚያ ሙቀት ቾክ ሳይነካ ዓመታት ነድቶት ሊሆን ስለሚችል፣ መዝጊያው በትክክል መዝጋቱን አስቀድመህ በዓይንህ እይ። ከዚያ ቾኩን ዝጋ፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ ፈጽሞ አትንካ፣ ቁልፉን ሳትከፍት ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለህ ርገጥ፣ ከዚያ ቁልፉን ክፈትና አንድ ጊዜ በሙሉ ጉልበትህ። እጀታውን እየጠመዘዙ መርገጥ ነዳጁን የሚስበውን ኃይል ያላላዋል፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አንባቢ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልነሳ ካንዴላውን አውጥተህ አጽዳ፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋግጥ። ቀጥሎ ድብልቁን ወደሚያስገባውና ጭሱን ወደሚያስወጣው የሲሊንደሩ መዝጊያ፣ ወደ ቫልቩ፣ ሂድ፤ ብዙ የቆዩ ሞተሮች የሚበላሹት ይህን ባለማየት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ። ሲጂ 125 ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለክፉ መንገድና ለጥቂት ጥገና ታስቦ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው፤ ቫልቩ ግን እንደማንኛውም ቫልቭ ማስተካከያ ይፈልጋል። በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ይህች ክፍተት ትጠፋለች፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል፣ እመቃውም፣ ማለት ፒስተኑ አምቆ የያዘው ድብልቅ፣ ያፈተልካል። በእግር ምት ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር እመቃው ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ቁልቁለት ላይ ተገፍቶ ሲነሳ ግን ፈጥኖ ስለሚዞር ጉድለቱ አይታይም። ባለቤቱም «ብርድ ነው» እያለ በየጠዋቱ እየገፋ ወራት ይቆያል። በዚህ መሀል ጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያወርድበትን መቀመጫ በደንብ ስለማይነካ ይቃጠላል። ማስተካከሉ የአጭር ጊዜ ሥራ ነበር፤ የተቃጠለ ቫልቭ ግን የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ያስከፍታል። ስለዚህ እባክህ፣ ግፊያ ከለመድክ መካኒክ ጋ ሂድ። ሞተር ሳይክሉን ከማታው አሳድርለት፤ ትኩስ ሞተር ላይ ቫልቭ ልለካ የሚልህን አትመነው።

ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን፦ ባትሪው ሞቷል፣ በእግር ይነሳል ወይ?

ብልጭታውን ሞተሩ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔቶ የሚያገኝ ከሆነ ይነሳል፤ ከባትሪ ከሆነ አይነሳም። የትኛው እንደሆነ መካኒክ በአንድ እይታ ይነግርሃል።

ከሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፦ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ልጃቸው ሌባ ፈርቶ ሞተር ሳይክሉን ቤት ውስጥ ያሳድራል፤ ጠዋት በር ዘግቶ ያስነሳና እስኪሞቅ ይተወዋል። ሕፃን ቤት ውስጥ አለች፣ ሽታው ይጎዳት ይሆን ይላሉ።

እናቴ፣ ዛሬውኑ ያስቁሙት። ገዳዩ ሽታው አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። ቾክ ተዘግቶበት የሚሠራ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ነዳጁ ስለሚበዛበት ይህን ጋዝ ከሞቀው ይበልጥ ያወጣል። መስኮት መክፈት አይበቃም፤ በር ከፍቶ ማስነሳትም አይበቃም። ገፍቶ መንገድ ላይ ያውጣው፣ እዚያ ያስነሳ። ጠዋት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም የሚሰማው ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ሕፃኗም ከወትሮው በላይ ከፈዘዘች ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፣ ሆስፒታልም ሂዱ፤ ለሐኪሙም ሞተር ቤት ውስጥ ይነሳ እንደነበር ንገሩት። ይህን ለነገ ማሳደር አይቻልም። ሌላም አለ፦ ካርቡራተሩ የሚያንጠባጥብ ሞተር ሳይክል ቡና ከሚፈላበት ምድጃ ጋር አንድ ክፍል አይደር።

ከሐረማያ፣ አንድ ተማሪ፦ ክረምቱን ቆሞ ከርሟል፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ጨምሬበት አልነሳም አለ።

በመጀመሪያ የሚተነው ቀላሉ የቤንዚን ክፍል ነው፤ በብርድ ሞተር የሚያስነሳውም እሱ ነው። ወራት የቆየ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ ቤንዚን ይህን አጥቷል። ላምባ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ የሞቀ ሞተር ይዞ ይሄዳል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ግን አያስነሳም። የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ሰርባቶዮም የካርቡራተሩን ጽዋም ባዶ አድርግ፣ ከማደያ አዲስ ሙላ። አሁንም እምቢ ካለ የሚኒሞዋ፣ ማለት እጀታው ሳይነካ ሞተሩ ሲሠራ ነዳጅ የምትሰጠው፣ ቀጭን ቀዳዳ ተደፍናለች፤ በአየር ትጠረግ፣ በሽቦ አትነካካት።

ከአወዳይ፦ በካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ጠብ ሳደርግ ሁሌም ይነሳልኛል፣ ይጎዳል?

ይጎዳል፣ ተው። ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፤ አጠገቡ ካንዴላ ብልጭ ካለ ደግሞ እሳት ነው።

ከድሬዳዋ፣ ከዚራ፦ አንድ አባት ያማሃ ዲቲ 125 አላቸው። ጠዋት አስቸግሮ ይነሳል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የማርሽ ዘይቱ ምንም ሳይፈስ ይጎድላል።

ጋሼ፣ በባለ ሁለት ምት ሞተር ጠዋት ትንሽ ጭስ የተለመደ ነው፤ የማርሽ ዘይት መጉደል ግን አይደለም። በፍሪሲዮን (ክላች) በኩል በሞተሩ ዘንግ ላይ ዘይት የሚያግደው ላስቲክ አልቆ፣ ሞተሩ የማርሹን ዘይት እየሳበ ያቃጥለዋል። ማርሹ ዘይት አጥቶ ሳይበላ፣ ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ዘንድ ይውሰዱት።

ከሐረር፣ ስም ያልጻፈ፦ የሞተሩ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ መጠኑም ጨምሯል።

አታስነሳው። የካርቡራተሩ ተንሳፋፊ አልዘጋ ብሎ ሌሊቱን ቤንዚን ወደ ሞተሩ ወርዷል። ዘይቱ ቀጥኖ ብረት ከብረት ይፋጫል። ተንሳፋፊውን አሠራ፣ ዘይቱን ቀይር፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የነዳጁን ቧንቧ ዝጋ።