ምስክሩ የት ቆሞ ነበር?

ልጆቼ፣

«ጋሼ፣ ምን እናንብብ?» ካላችሁኝ ሰነባብታችኋል። የመጻሕፍት ዝርዝር ጽፌ ብሰጣችሁ ይቀለኝ ነበር፤ ዝርዝር ግን ከየትም ታገኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ችሎት ላይ ተቀምጬ የሰው ቃል ስሰማ ነው። ጡረታ ወጥቼም ዳኝነቱ አልለቀቀኝም፤ መጽሐፍ ስገልጥ ደራሲው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ፊቴ የቆመ ይመስለኛል። ባለቤቴ «ሰውየውን አታስጨንቀው፣ ዝም ብለህ አንብብ» ትለኛለች። በዚህ ክረምት ያነበብኳቸው አብዛኞቹ መጻሕፍት ግን ያለፉ ሰዎች ስለ ራሳቸውና ስለ ዘመናቸው የጻፏቸው ስለሆኑ ልማዴ ጠቀመኝ እንጂ አልጎዳኝም። እንዴት እንዳነበብኳቸው ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ያነሣሁት የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ነው። ከርእሱ ሥር «የዘመን ታሪክ ትዝታዬ፣ ካየሁትና ከሰማሁት፣ 1896–1922» ይላል። አንድ ምስክር ገና ሳይጠየቅ «ያየሁም የሰማሁም አለኝ» ሲል ዳኛ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ደግሞም በ1896 ደራሲው ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ። እንግዲያው ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚነግሩን አብዛኛው ነገር ከአባቶቻቸውና ከታላላቆቻቸው የተቀበሉት መሆን አለበት። ይህ መጽሐፉን አያሳንሰውም። አንባቢው ግን ማወቅ አለበት።

ስለዚህ እርሳስ ይዤ ነው የማነበው። በኅዳጉ ላይ ደራሲው በዓይኑ ባየው አንጻር «አ»፣ ከሰው በሰማው አንጻር «ሰ»፣ ራሱ በገመተው አንጻር «ገ» እጽፋለሁ። (በተውሶ መጽሐፍ ላይ አይደለም፤ ለእሱ ወረቀት አለ።) መጀመሪያ ላይ አድካሚ ይመስላል፤ ጥቂት ገጽ ከሄዳችሁ በኋላ እጃችሁ ራሱ ይለምደዋል። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ ውሰዱ። ኅዳር 12 ቀን ሰፈራችን በጭስ የሚታፈነው ከዚያ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ መሆኑን ታላላቆቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። ስለዚያ ዘመን የጻፈ ማንኛውም ሰው ሬሳ በደጁ ሲያልፍ ሊያይ ይችላል፤ ጎረቤቱ ቀባሪ አጥቶ ሲውል ሊያይ ይችላል። «በከተማው ይህን ያህል ሺህ ሰው ሞተ» የሚለውን ግን ማንም በዓይኑ አያየውም። እሱ ከሌላ ሰው የመጣ ነው፤ ያ ሌላ ሰውም ከሌላ ሰምቶት ይሆናል። ሬሳው «አ» ነው፣ ቁጥሩ «ሰ»። ሁለቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልነቃ አንባቢ ሁለቱንም በእኩል ያምናል።

አሁን ወደ ዋናው መዝገብ ልግባ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ዘውዲቱ ነገሡ፣ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው «ለምን ወረዱ? ማን አወረዳቸው?» የሚለው ላይ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሦስት ምስክሮችን ተራ በተራ ጠራሁ።

አንደኛው ምስክር ራሳቸው ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ናቸው፤ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ጻፉት። አጻጻፋቸው ረጋ ያለ፣ ቅደም ተከተሉ የተጠበቀ ነው፤ ድምፃቸው ከፍ አይልም። እንዲህ ያለ ምስክር ችሎትን በቀላሉ ይማርካል። ነገር ግን የጥቅም ጥያቄ አለ። ኢያሱ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሐረርን፣ የተፈሪን አባት የራስ መኮንንን ግዛት፣ ከተፈሪ ወስደው በምትኩ ከፋን ሰጥተዋቸው ነበር። ኢያሱ ሲወርዱ ደግሞ ዙፋኑን ለመውረስ የበቁት ያው ተፈሪ ናቸው። ባለጥቅም ምስክር ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ ዳኛ ቃሉን ይቀበላል፣ ጥቅሙን ግን በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።

ሁለተኛው ምስክር የእኔ ወዳጅ ናቸው፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። «ኦቶባዮግራፊ» የተባለው የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። እንደ እሳቸው ያለ ሕይወት በልብ ወለድ ቢጻፍ «በዛ» ትሉ ነበር። በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዐድዋ ነበሩ። ከዚያ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ መኮንን ሆነው ተመለሱ። በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርተው ቴአትር ጻፉ፤ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣሊያን ሊወርረን ሲነሣ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተከራከሩ። በስደት ማዳጋስካር ድረስ ሄደው ሲመለሱ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተበላሽቶ ኑሯቸውን በእርሻቸው ላይ አደረጉ።

አተራረካቸው እንደ ባዙ መጽሐፍ አይደለም። ይቆጣሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ራሳቸውን ሲያወድሱ አያፍሩም። ወጣት ዳኞች እንዲህ ያለውን ምስክር «ጉረኛ ነው» ብለው ቃሉን ሊያጣጥሉት ይቸኩላሉ። እኔ ግን ከልምዴ የምነግራችሁ፣ ጉረኛ ምስክር ለእውነት ፈላጊ ሀብት መሆኑን ነው። ልከኛው ሰው ድርሻውን ይደብቃል፤ ጉረኛው ድርሻውን ያገዝፋል እንጂ አይደብቅም። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይባል የለ? ተክለ ሐዋርያት ኢያሱን ለማውረድ በተደረገው ሤራ ውስጥ ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ፤ ይህንንም አይሸሽጉም። ግዛታቸውን የተነጠቁት ሰው በእርጋታ የሚያልፉትን የጓዳ ሥራ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ወደ እሳቸው ሂዱ። መጠኑን ቀንሱለት፣ ድርጊቱን ግን ያዙ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መቀያየማቸውንም አትርሱ፤ ቂምም እንደ ጥቅም በመዝገብ ይሰፍራል።

ሦስተኛው ምስክር እነዚያው መርስዔ ኀዘን ናቸው። በዚያን ጊዜ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ወጣት እንጂ መኳንንት አልነበሩም። ምክሩ ከተመከረበት አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም፤ ከተማው ውስጥ ግን ነበሩ። ከመንገድ ዳር ያለ ምስክር «ለምን»ን አያውቅም፣ «ምን»ን ግን ከማንም አሳምሮ ያውቃል፤ አዋጁ ምን እንዳለ፣ ሕዝቡ ምን እንደተባባለ። ሦስቱን ጎን ለጎን ስታነቡ አንዱ የዘለለውን ሌላው ሲነካው ታያላችሁ። እኔ ከልብ ወለድ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው።

አንድ ወንበር ግን ባዶ ነው። ተከሳሹ የሉም። ኢያሱ በዚያ በመስቀል ዕለት አዲስ አበባ አልነበሩም፤ ሐረር ነበሩ። ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚለው ክስ ተነበበ፣ ጳጳሱ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፣ ውሳኔው በሌሉበት ተሰጠ። በጥምጣም የተነሡት ፎቶግራፍ ነው ተብሎ የሚነገርለት ማስረጃም እውነተኛነቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኢያሱ በ1913 ተይዘው ፍቼ፣ በኋላም ጋራ ሙለታ ታሰሩ፤ በ1928 እዚያው አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን አልጻፉም። በእኔ ሚዛን የሃይማኖቱ ክስ ብቻውን ለመውረዳቸው በቂ ምክንያት ሆኖ አልተረጋገጠልኝም፤ የሹመትና የሥልጣን ሽኩቻው ከሃይማኖቱ እኩል ካልሆነ በልጦ ታይቶኛል። እናንተ ሌላ ልትፈርዱ ትችላላችሁ፤ መጻሕፍቱ አሉላችሁ።

ይህን ዘዴ ወደ እናንተ ዘመን ጠጋ ወዳለው ታሪክ ብትወስዱት የበለጠ ይጠቅማችኋል። ስለ አብዮቱ የጻፉት ብዙ ናቸው። የኢሕአፓውን ወገን «ያ ትውልድ» ላይ፣ የመኢሶኑን «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ላይ፣ የደርጉን «እኛና አብዮቱ» ላይ ታገኛላችሁ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አንብቦ አደባባይ የሚወጣ ሰው ያስፈራኛል። የዚያን ዘመን ትዝታዎች ስታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ደራሲው ሲደክም፣ ሲራብ፣ ሲታሰር «እኔ» ይላል። የሰው ደም የፈሰሰበት ገጽ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ «እኔ»ም «እኛ»ም ይጠፉና «ተወሰነ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» ይመጣል። ማን ወሰነ? ማን ወሰደ? እኔ እንዲህ ያለው ገጽ ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀምጬ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ስብሰባው ላይ እነማን እንደነበሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተጽፎ አገኘዋለሁ።

ልብ ወለድም አልተውኩም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና አነበብኩት። የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርኩት አገር አልቅሷል፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ የያዘኝ የፊታውራሪ መሸሻና የባላገሮቹ ጠብ ነው። ባላገሮቹ ግብር አንከፍልም አላሉም፤ ከደንቡ በላይ የሚጠየቁት ነው ያንገፈገፋቸው። ፊታውራሪ ደግሞ ሲሰጣቸው የኖረውን ሁሉ መብታቸው አድርገው ቆጠሩት። ልማድ ከመቼ ጀምሮ ግዴታ ይሆናል? ይህ የሕግ ትምህርት ቤት ጥያቄ ነው፤ ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በሳቅ እያዋዙ ጽፈውታል። ሕግ የምትማሩ ልጆች ይህን ክፍል ለብቻው አውጥታችሁ ብትከራከሩበት ከብዙ ማስታወሻ ይበልጥባችኋል።

ስለ «ስኬት» መጻሕፍት ጠይቃችሁኛል። አንብቤያለሁ፣ አልወደድኳቸውም። ሀብታም የሆነው ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ያንኑ አድርጎ የከሰረው ሰው አልተጠራም። የመጽሐፍ ማጠቃለያ በስልክ የምታዩትን በተመለከተ ደግሞ፣ ምስክሩን ሳያዩ የጸሐፊውን ማስታወሻ ብቻ አይቶ እንደመፍረድ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልም። ያልጣማችሁን መጽሐፍ ግን ጣሉት። መጨረስ ግዴታ አይደለም።

የመጽሐፍ ዋጋ ሰማይ መንካቱን አውቃለሁ፤ እኔም በጡረታ ነው የምገዛው። ለዚህ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ወመዘክር አለ፣ አራት ኪሎ አብርሆት አለ። ከሁለት ጓደኞቻችሁ ጋር ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ገዝቶ መለዋወጥም አለ፤ እንዲያውም ከላይ ላልኩት ነገር የሚመቸው እሱ ነው፤ ሦስት ምስክር ሦስት ቤት ያድራል።

በመጨረሻ ያነበብኩት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ»ን ነው። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አፍ እየተቀበሉ መዝግበው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ገና ሁለት ገጽ ሳትሄዱ ሽማግሌው አጠገባችሁ የተቀመጡ ይመስላችኋል፤ ልጅየው የአባታቸውን አነጋገር ለማሳመር ስላልሞከሩ ነው። እናንተም አያት ካላችሁ፣ ስልካችሁ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ፣ ከዚህ ሳምንት አታሳልፉት። «የድሮ ነገር አጫውቱኝ» አትበሉ፤ እንዲህ ከተባሉ ሁሉም የሚያወራውን ያወሩላችኋል። «የመጀመሪያ ደመወዝዎ ስንት ነበር? በምን አወጡት?» በሉ። «አብዮቱ የፈነዳ ዕለት የት ነበሩ፣ ማን ነገረዎት?» በሉ። ሲረዝሙ አታቋርጧቸው፣ ሲሳሳቱም አታርሟቸው። ቀኑንና ቦታውን በራሳችሁ ድምፅ ቅጂው መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። አክስታችሁ ያንኑ ነገር በሌላ መንገድ ካወራችው ደግሞ እሷንም ለብቻዋ ቅዷት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጧቸው፣ ይጣላሉ።