መልስ፦ ጂናቸው አንድ የሆነ አይጦች ለምን እኩል አይጎዱም?

«ጂናቸው አንድ ከሆነ ጭንቀት አንዱን ጥሎ ሌላውን እንዴት ይተወዋል?» ላሉት፦ ልዩነቱ ጂኑ ምን ያህል እየሠራ ነው የሚለው ላይ ነው።

ይህ የሚጠናበት የአይጥ ሙከራ እንዲህ ነው። ትንሹን ጥቁር ወንድ አይጥ ለ10 ቀን፣ በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ተደባዳቢ ነጭ አይጥ ጎጆ ውስጥ ያስገቡታል። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ግልጽ ግርዶሽ ማዶ ሆኖ እያየውና እያሸተተው ይውላል፣ ያድራል። በነጋታው ሌላ አጥቂ። በ11ኛው ቀን የማያውቀውን ነጭ አይጥ በሽቦ ሳጥን አድርገው ያቀርቡለታል፤ ከሸሸ ተጎድቷል። ሲሶ ያህሉ ግን አይሸሽም፤ እነዚህ ጭንቀቱን የቻሉት ናቸው። የአጥቂዎቹ ተደባዳቢነት አስቀድሞ ካልተፈተነ ውጤቱ ይበላሻል፤ ቁስል ከበዛም ሽሽቱ ከሕመም ይሁን ከጭንቀት አይለይም።

የሚገርመው፣ በ2007 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ዶፓሚን (ከደስታና ከመነሣሣት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል) አመንጪ ሕዋሳት ባሉበት የአንጎል ክፍል የብዙ ጂን ሥራ የተቀየረባቸው የተጎዱት ሳይሆኑ የቻሉት ናቸው። ከእነዚህም የፖታሲየም መተላለፊያ የሚሠሩት ጂኖች በርትተው ሕዋሳቱ ከልክ በላይ የኤሌክትሪክ ምልክት እንዳይተኩሱ ልጓም ሆነዋል። መቻል ራሱ ሥራ ነው ማለት ነው።

«የድባቴ ጂን» ምርመራ ላይ ግን ገንዘብዎን አያባክኑ፤ በሰው ላይ የእያንዳንዱ ጂን ድርሻ ኢምንት ነው።