ለግቢ ወፎች ከጥሬ በፊት ውሃ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ሐዋሳ ግቢ ያለው ቤት ተከራይተሽ የተረፈ ሩዝና ዳቦ ስትበትኚ ድንቢጥ ብቻ እንደመጣ፣ ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ እሱም እንደቀረ ጽፈሻል። ምን ላብላቸው፣ መቼስ ነው የሚመጡት ነው ያልሽው። እኔ በአንድ ግቢ 11 ዓመት ወፍ ሳይ ኖሬያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ጥሬውን ለጊዜው ተዪውና ውሃ አስቀምጪ። ብዙ ሰው “ሐይቁ እዚሁ አይደል እንዴ” ይላል። ግን ሐይቅ ዳር ለትንንሽ ወፎች ገላጣ ነው፤ ጭላትም ሌላም አዳኝ አለበት። ጥሬ የሚበላ ወፍ ደግሞ ከምግቡ እርጥበት ስለማያገኝ በየቀኑ መጠጣት አለበት። የኔ ገንዳ የተሰበረ እንስራ ነው፤ ታችኛውን ግማሽ ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሸክላው ሻካራ ስለሆነ እግራቸው አይንሸራተትም። ጥልቀቱ ከሦስት አራት ጣት እንዳይበልጥ፣ መሃሉ ላይም መቆሚያ ድንጋይ ጣል አድርጊበት። ውሃውን በየቀኑ ቀይሪው። አለበለዚያ ትንኝ ይፈለፈልበታል፣ እዚህ አገር ደግሞ ወባ አለ። ውሃ ባስቀመጥኩ በሳምንቱ ጥሬ በትኜ አይቻቸው የማላውቃቸው ወፎች መጡ። እርግቦቹን ልብ ብለሽ እያቸው። አብዛኛው ሌላ ወፍ ጎንጭቶ ራሱን ቀና ያደርጋል፣ እርግብ ግን ምንቃሯን ነክራ ሳታነሳ ትስባለች። ይህን ለማየት ብቻ ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ ውጭ እቀመጣለሁ።

አሁን ወደ ምግቡ። ድንቢጦቹ የቀሩት ጠልተውሽ አይደለም። ዝናብ ሲጥል ሳሩ ያፈራል፣ ትሉም ነፍሳቱም ይበዛል። ጫጩት የሚያሳድጉትም ያኔ ነው፤ ጥሬ የሚበሉት ወፎች እንኳ አብዛኞቹ ለጫጩቶቻቸው ትል ነው የሚለቅሙት። ስለዚህ በክረምት መመገቡን አቁሚ ወይም በጣም ቀንሺ። ይህን የምልሽ ተጎድቼበት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐምሌ ላይ የተከካ በቆሎ እየደራረብኩ እበትን ነበር። ከስር ያለው ርሶ ሻገተ፣ እኔ ከላይ ብቻ እያየሁ አላወቅኩም። አንድ ጠዋት ሦስት እርግቦች ከመመገቢያ ገበታው ስር ሞተው አገኘሁ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይፈጠራል፤ የገደላቸው እሱ ይሁን ሌላ በሽታ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ግን እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ምግብ የሚያስፈልጋቸው በበጋ ነው፣ በተለይ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሳሩ ደርቆ መሬቱ ሲራቆት። ማሽላና ዳጉሳ ለድንቢጥና ለእርግብ ጥሩ ነው። ለጥቃቅኖቹ የጤፍ ግርድ አስቀምጪላቸው። ስታበጥሪ አትጣይው፤ ውስጡ ያለው የአረም ፍሬ ራሱ ለነሱ ምግብ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ እፍኝ በትኚ፤ እስከ 4 ሰዓት ካልጨረሱት በማግስቱ ቀንሺ። ያደረ ምግብ አይጥ ይጠራል። ጨው ያለበት የቤት ምግብ በፍጹም አትስጫቸው። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ አይጠቅማቸውም። ሩዝ ካለ ጨው የተቀቀለ ከሆነ ትንሽ ትንሽ ችግር የለውም።

ፍራፍሬ ደግሞ ሌላ እንግዳ ያመጣል። በጣም የበሰለ ፓፓያ ወይም ሙዝ ቅርንጫፍ ላይ ሰክተሽ እዪው። ራሱ ጠቆር ያለ ቡልቡል ይመጣል፣ ያ ጎህ ሲቀድ የሚዘምረው። ጭራቸው ረጅም የሆነ፣ ጸጉራቸው የአይጥ የሚመስል ቡናማ ወፎችም በቡድን ሆነው ይንጠለጠሉበታል። ፍራፍሬ ሻጭ ቢረግማቸው አይገርመኝም፣ ግን ሲቃቀፉ ላየ ሰው መጥላት ያቅታል። ጦጣዎቹ ከቀደሟቸው ፍሬውን በትንሽ በትንሹ እየቆረጥሽ አስቀምጪ። አቮካዶ ግን አይሆንም፤ ወፍን የሚጎዳ ፐርሲን የሚባል ነገር አለው። እዚህ በየግቢው ስላለ ነው ማንሳቴ።

አበባ ካልተከልሽ ግን ግማሹን ነው የምታጪው። ምንቃራቸው ቀጠን ብሎ የተቆለመመ፣ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቁት ወፎች ጥሬ ዞር ብለውም አያዩም። የአበባ ማር ነው የሚመጡበት። ራስ ክምርና እሬት ትከዪላቸው፤ ራስ ክምሩን አሁን በዝናቡ ብትተክዪው ይይዛል። የስኳር ውሃ እንዳትጀምሪ፣ ቶሎ ይበላሻል። ከነሱ ወንዱ መኪና መስታወት ላይ ራሱን አይቶ ተቀናቃኝ መስሎት ሲደባደብ ይውላል። እንዲህ ሲደክም ካየሽ መስታወቱን በፌስታል ሸፍኚለት። ግቢው ውስጥ ሾላ ወይም ዋርካ ካለ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ክንፏ የጠቆረ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ለፍሬው ትመጣለች፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የትም አትገኝም። ጎረቤትሽ ዛፉን ልቁረጠው ቢል ይህን ንገሪው።

መስከረም ላይ ሁለት ነገር ጠብቂ። አንደኛው እንግዶቹ ናቸው። ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ሆዷ ቢጫ፣ ሳር ላይ እየሮጠች ነፍሳት የምትለቅም ወፍ ታያለሽ። ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም፣ ግን ከአውሮፓና ከእስያ በርራ መጥታ እስከ መጋቢት ሚያዝያ ትቆያለች። ጥሬ አትፈልግም። የምትፈልገው መድኃኒት ያልተረጨ ሳር ነው። ሁለተኛው የመስቀል ወፍ ነው። ጠፍቶ የከረመን ዘመድ “የመስቀል ወፍ ሆንክ” እንለዋለን። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ ከሚላቸው አንዱ ምንቃሩ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጭራው ከራሱ ቁመት የሚረዝመው ነው። እሱ ግን የትም አልሄደም። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ረጅም ጭራውን ይጥላል፣ ላባው እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆናል፤ እዚያው ገበታሽ ላይ እየበላ አታውቂውም። እንቁላሉን የሚያስታቅፈውም በሌላ ወፍ ጎጆ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ “ድንቢጥ ብቻ ነው የመጣው” ማለት ትቻለሁ። አንቺም ያየሻቸውን እንደገና አስተውዪ።

ዶሮ ካለሽ የወፎቹን ገበታ ከዶሮዎቹ አርቂው፣ ፈንግልም ሌላም በሽታ ሊተላለፍ ይችላል። ገበታውን በሳምንት አንዴ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ እጠቢው፣ አለቅልቀሽም ፀሐይ ላይ አድርቂው። ድመት የምትደበቅበት ቁጥቋጦ አጠገብም አታስቀምጪ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ ትራፊ አምጥቼ ልበትን ያልሽውን ደግሞ ተዪው። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ መላጣው ትልቅ ወፍ፣ ግቢ ውስጥ ከለመደ ትንንሾቹ ይሸሻሉ። እሱን እዚያው ሄደሽ ብታዪው ይሻላል። ሰፈር ውስጥ ወንጭፍ የያዙ ልጆች ካሉም አትቆጫቸው፣ ጥሪያቸውና ውሃውን እነሱ ይሙሉ። እኔ ዘንድ የመጣው ልጅ አሁን ከኔ በላይ ወፎቹን ይለያል።

በላክሽው ፎቶ ላይ “ይቺ ሰማያዊ ማናት” ላልሽው፣ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ ስላለ ወንዱ ነው። ሴቷ ቀዩ የላትም፣ ከጎኑ ያለችው ቡናማ መሳይ እሷ ሳትሆን አትቀርም። በምንቃሩ አንዲት የሳር ዘለላ ይዞ እሷ ፊት ሲዘል ካየሽው ጎጆ እያሰቡ ነው። አከራይሽን አናግሪና አጥሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦ እስከ ጥቅምት አይቆረጥ።