ጓንቱን ደብቄበታለሁ፣ ልክ ነኝ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? የምጽፍልዎት ከጎላ ሚካኤል አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቦክሰኛ ነው፣ 27 አመቱ ነው፣ ፕሮ ሆኖ ናይሮቢና ዱባይ ገጥሟል። ከዱባይ በኖክአውት ተሸንፎ ከመጣ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኗል፣ ቀን ተጋድሞ ይውላል ማታ አረቄ ቤት ነው፣ ያመጣትን ብር ቤቲንግ ጨረሳት፣ ባለፈው ግድግዳ በቡጢ መትቶ ጣቱ ተሰበረ። እማዬ ጸበል ትላለች፣ ጓደኞቹ ጥጋብ ነው ይላሉ። እሱ ደሞ "ታይሰን ፊዩሪም እንደኔ ወድቆ ተነስቷል፣ አንድ ግጥሚያ ባገኝ እድናለሁ" ነው የሚለው። ጓንቱን ደብቄበታለሁ፣ ልክ ነኝ? ታናሽ እህት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ጥጋብ የሚሉትን ተያቸው። ጥጋበኛ ሰው ይመታል እንጂ ግድግዳ አይመታም።

እኔም በልጅነቴ አንድ አመት ጓንት አድርጌ ነበር፣ አፍንጫዬ ምስክር ነው፣ እና አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኳስ ተጫዋች ሲሸነፍ ከአስር ሰው ጋር ነው የሚሸነፈው፣ ቦክሰኛ ግን ብቻውን ነው፣ ያውም ግማሽ ራቁቱን፣ ያውም ሰፈሩ በሙሉ በስልክ እያየው። ትናንት "ሻምፒዮን" ሲሉት የነበሩት ዛሬ "ምን ነካህ?" ሲሉት በጓሮ በኩል መሄድ ይጀምራል። አረቄው እዛ ጋ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ፊዩሪ፣ ወደ እንግሊዛዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ። በፈረንጆች 2015 ክሊችኮን ያሸነፈ ጊዜ፣ ያ 11 አመት ያልተሸነፈ ሰውዬ ማለት ነው፣ ፊዩሪ የወደቀው ተሸንፎ ሳይሆን አሸንፎ ነው! ድብርት፣ መጠጥ፣ ኮኬይን፣ ኪሎው 180 ገደማ ደረሰ፣ መሞት እንደተመኘ ራሱ ተናግሯል። ወደ ሪንግ የተመለሰው 2018 ነው። በመሀል ያለውን ሁለት አመት ተኩል ግን ወንድምሽ ዘሎታል፣ ፊዩሪ መጀመሪያ በሽታውን አምኖ እርዳታ ፈለገ፣ ከዛ አሰልጣኙ ቤን ዴቪሰን ኪሎውን ቀስ እያለ አስቀነሰው፣ ግጥሚያ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬም ቢሆን በሽታው ጥሎኝ ሄዷል አይልም።

ሌላውን እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ሪኪ ሀተንንም ይየው እስቲ። 2007 በሜይዌዘር፣ 2009 በፓኪያኦ ተሸነፈ፣ መጠጥና ድብርት ውስጥ ገባ፣ 2012 ላይ በደጋፊው ፊት ማንቸስተር ተመልሶ በዘጠነኛው ራውንድ ተዘረረ። 2025 መስከረም ላይ በ46 አመቱ ሲሞት ዱባይ ላይ ሊገጥም እየተዘጋጀ ነበር። ስለዚ ግጥሚያ መድሀኒት ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም።

ሌላው ጭንቅላቱ ነው። ቦክሰኞች ላይ የሚታየውን መንገዳገድና መርሳት ሀኪሙ ማርትላንድ 1928 ላይ ነው የጻፈው፣ በቡጢ የሰከረ እንደማለት ነው ስሙ። ለአመታት የተደራረበ ምት ቁጡም ችኩልም ያደርጋል። በህይወት ያለ ሰው ላይ በአንድ የጭንቅላት ፎቶ አረጋግጦ የሚነግርሽ ግን የለም፣ ስለዚ ለሀኪሙ ስንት ጊዜ ኖክአውት እንደሆነ፣ ይረሳ እንደሆነ፣ እንቅልፉን፣ ሁሉንም ንገሪው። የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከት ወይ መፍዘዝ ካለ ግን አታሳድሪው፣ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ቀጥታ ድንገተኛ።

ደሞ ስትፈሪም ቢሆን "ሞትን እያሰብክ ነው?" ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅሽ ሀሳቡን አይጨምርበትም። አዎ ካለሽ ብቻውን እንዳትተዪው፣ መድሀኒት ምናምን ከቤት አውጪ፣ በዛው ቀን ይታይ። አማኑኤል ሲባል ሰፈር እንደሚያወራ አውቃለሁ፣ "አማኑኤል ገባ" እኛ ሀገር ስድብ ሆኗል፣ ግን ስራቸው ይሄ ነው። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ አረቄውን በአንዴ አቁም ብለሽ አታስገድጂው፣ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ እሱንም በሀኪም ነው። ከእማዬ ጋር በጸበሉ አትጣዪ፣ ጠዋት ጸበል ከሰአት ሀኪም ይቻላል፣ የታዘዘለትን መድሀኒት እንዳያቋርጥ ብቻ።

አንቺን ላይሰማሽ ይችላል፣ ታናሽ ነሻ! ኮቹን ግን ይሰማል። ሄደሽ እንደነገርሽኝ ለሱ ንገሪው፣ እሱ ይዞት ሀኪም ጋ ይሂድ። ብሩንም እሱ ባለበት ተነጋገሩ፣ የቤቲንግ እዳ ካለ ብቻውን ተሸክሞት ነው የሚያድረው።

ጓንቱን ግን መልሺለት እህቴ። ያንን ስትደብቂ ስራውንም ስሙንም ነው የደበቅሽው። ጠዋት ተነስቶ ገመድ ይዝለል፣ ሳንድባግ ይምታ፣ ሰው ያግኝ፣ ለድብርት ስፖርቱ ራሱ ይጠቅማል። የማይቻለው ስፓሪንግ፣ ከሰው ጋር እየተማቱ መለማመድ ነው፣ ሀኪም እስኪፈቅድ። የጥርስ መከላከያዋን ኮቹ ኪሱ ይያዛት።